ሦስተኛው ቀማሽ

«አንድ ሰው ነበረ» አሉ መምህሩ፣ ጥያቄውን ያልሰሙ ይመስል። ሰምተዋል። ተማሪያቸው ቤዛዊት ከሽንኩርት እርሻ ወደ ሐይቁ የሚወርደው የተባይ መድኃኒት በዓሣውና በእንቁራሪቱ ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት ስታጠና ነው የከረመችው። አጎቷ «ሰዉ ሆዱን እያመመው አንቺ የእንቁራሪት ጉበት ትመዝኛለሽ?» ብለው ሳቁባት። እሷም ያን ሳቅ ተሸክማ መጣች። «መምህር፣ ሰው እየታመመ እንቁራሪት መመርመር ምን ይረባል? ልተወው?»

አንድ ሰው ነበረ። ባለጸጋ ነው፤ ልጁን ይድራል። አገሩን ሁሉ ከጠራ በኋላ ለጠጁ ጋን አነሰው። ጋን መዋስ ደግሞ ለእርሱ ሞት ነው፤ ባለጸጋ ያውሳል እንጂ አይዋስም። ስለዚህ ገበያ ወርዶ ሰማያዊ የፕላስቲክ በርሜል ገዛ። በርሜሉ ቀድሞ የተባይ መድኃኒት የያዘ ነበር። ሰውየው ይህን አላጣውም፤ በግራዋ አሳሸው፣ በወይራ ጭስ አሳጠነው። ጋን የሚጸዳው እንዲህ ነው። በርሜሉ ግን ጋን አልነበረም።

የሰርጉ ዕለት ጠጁ ተጣርቶ ጌሾው ከድንኳኑ ደጃፍ ተደፋ። ድንቢጦች ወረዱበት። ጥቂት ቆይተው አንዷ ተንገዳገደች፣ ሌላዋ በክንፏ መሬት ተደገፈች። እንግዳው በሳቅ ወደቀ።

«ወፎቹ ቀድመውን ሰከሩ!» አለ አንዱ።

ባለጸጋው በልቡ በጠጁ ብርታት ኮራ። ድንቢጦቹ ከወደቁበት አለመነሣታቸውን አላየም። በድግስ ቀን መሬት መሬት የሚያይ ሰው የለም።

ጠጅ አሳላፊው ወፍራምና ደስተኛ ሰው ነበር። በአገሩ ልማድ አሳላፊ መጠጡን በመዳፉ ቀድቶ ሳይቀምስ እንግዳ አይጠጣም፤ መጠጡ ክፉ ነገር እንደሌለበት የሚመሰክረው የእርሱ ጉሮሮ ነው። የዚህኛው መዳፍ ደግሞ በጥልቀቱ የታወቀ ነበር። «የእርሱ ቅምሻ የሌላው ሰው ብርሌ ነው» ይሉታል።

የሙሽራውን ብርሌ ሞልቶ አስያዘው። ከዚያ በመዳፉ ቀዳና አፉ ውስጥ አደረገ። ሙሽራው ብርሌውን ይዞ ቀማሹ እስኪውጥ ይጠብቃል። አሳላፊው አልዋጠም። ጥቂት አሰበና ተፋው።

«ምን ሆነህ ነው?» አለ ባለጸጋው ጥርሱን ነክሶ።

«ምላሴ ደነዘዘ፣ ጌታዬ።»

«አንተ ያልደነዘዝክበት ሰርግ አለ?»

እንግዳው ሳቀ። አሳላፊውም ፈገግ አለ። «የለም። የተፋሁበትስ ሰርግ አለ?»

ሳቁ ቀዘቀዘ። ባለጸጋው ተጠግቶ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «በሰው ፊት አታዋርደኝ። ዋጥና አሳልፍ።»

አሳላፊው በአገጩ ወደ ደጃፉ፣ ጌሾው ላይ ወደተዘረሩት ድንቢጦች አመለከተ። «መጀመሪያ የቀመሱት እነዚያ ናቸው። ሁለተኛው እኔ ነኝ። ሦስተኛው ማን ይሁንልዎ?»

ባለጸጋው ዞሮ አየ። ሦስተኛው ሙሽራው ነው፤ ወጣት ስለሆነ መጠበቅ ሰልችቶት ብርሌውን ወደ ከንፈሩ አስጠግቷል። አራተኛዋ አጠገቡ ተቀምጣለች፤ የገዛ ልጁ ናት። በዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል ስለ ባለጸጋው ጋን የሚጨነቅ አንድ ሰው ብቻ እንዳለ ያን ጊዜ ታየው። ያም እርሱ ራሱ ነበር።

ተራመደና በመዳፉ የሙሽራውን ብርሌ ከደነው። ጋባዥ የእንግዳውን መጠጥ ሲከለክል ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ታየ።

«አትጠጡ» አለ። «ጋን አንሶኝ በመድኃኒት በርሜል ጠመቅሁት። መዋስ አፍሬ ነው።»

ከዚያ አንዲት ጎረቤት ባልቴት ነጠላቸውን እያጣፉ ተነሡ። «ታዲያ ‹ጋን አውሱኝ› ለማለት ሙሽራ መግደል ያስፈልግህ ነበር?» አሉት።

ሳቁ ድንኳኑን አነቃነቀው፤ ባለጸጋውም እንባው እስኪፈስ ሳቀ። ከዚያ ከየቤቱ ጋን በትከሻ ይጎርፍ ጀመር፤ ያለው ጠጅ፣ የሌለው ጠላ፣ ያም የሌለው ብርዝ ይዞ መጣ። በርሜሉን ከነጠጁ ከመንደሩ ምንጭ አርቀው ቀበሩት። አሳላፊውን ከሙሽሮቹ ጎን አስቀመጡትና ባለጸጋው ራሱ በመዳፉ ቀምሶ አቀረበለት። መዳፉ አንድ ጉንጭ እንኳ አልያዘም፤ እንግዳው በዚያም ሳቀበት። እንዲያ ያለ ሰርግ በአገሩ ተደግሶ አያውቅም ይባላል።

መምህሩ ወደ ቤዛዊት ዞሩ።

«ልጄ፣ እንቁራሪቷና ዓሣው ማንም ሳይሾማቸው ውሃችንን አስቀድመው የሚቀምሱልን አሳላፊዎች ናቸው። ሲወድቁ ‹ሰከሩ› ብሎ የሚስቅ አይጠፋም። ያንቺ ሥራ መሬት መሬት እያዩ አለመነሣታቸውን መናገር ነው። ሆዱን የሚያመውን ሰው መመርመርም ይገባል፤ ግን እርሱ ሦስተኛው ቀማሽ ነው። ከእርሱ የሚጀምር ሐኪም የደረሰው ብርሌው ከተጠጣ በኋላ ነው።»

ከዚያ «ለመሆኑ አጎትሽ ውሃ የሚጠጡት ከየት ነው?» ብለው ጠየቋት።

«ከሐይቁ።»

«እንግዲያው ቢስቁም ብርሌያቸውን ይዘው አንቺን እየጠበቁ ነው። ሂጂ፣ እንቁራሪትሽን መዝኚ።»