እናቱን የካደው ካስማ ተካይና ወንዝ የጠጣው ዘንዶ

ተረት ተረት!

«የመሰረት!»

ኧረ ይሄ እራቱን የበላ ልጅ ድምፅ አይደለም። እስቲ እንደገና! ተረት ተረት!

«የመሰረት!»

እንዲህ ነው እንጂ! የዛሬው ተረት የሚያሳፍር ተረት ነው። እኔም ስናገረው አፍራለሁ። አንገታችሁን ብትደፉ አልስቅባችሁም።

በድሮ ጊዜ፣ ነገሥታት በድንኳን ከአገር አገር በሚዞሩበት ዘመን፣ አንድ ንጉሥ ነበረ። ዛሬ ባዶ ሜዳ የነበረው፣ ንጉሡ ሲሰፍርበት ነገ ከተማ ይሆናል። አንድ በጋ ላይ ንጉሡ መጣና ከአንድ ወንዝ ዳር ሰፈረ።

ወንዙ የሦስት ሕዝብ ወንዝ ነበር። ከላይ ኮረብታው ላይ የንጉሡ ክርስቲያኖች ይኖራሉ። ከታች ገበያው አጠገብ ጨውና የባሕር ማዶ ጨርቅ የሚያመጡ ሙስሊም ነጋዴዎች ይኖራሉ። ከወንዙ ማዶ ደግሞ የኦሪትን ሕግ የሚጠብቁ ቤተ እስራኤል ይኖራሉ። ወንዶቻቸው ብረት ይቀጠቅጣሉ፤ ሴቶቻቸው ሸክላ ይሠራሉ።

ሦስቱም ከአንድ ወንዝ ይጠጣሉ፤ አብረው ግን አይበሉም። ክርስቲያኑ ሙስሊም ያረደውን አይቀምስም። ሙስሊሙም ክርስቲያን ያረደውን አይቀምስም። ቤተ እስራኤል ደግሞ የሌላውን ምግብ መብላት ቀርቶ፣ ከሌላው ጋር ተነካክተው ከዋሉ በወንዝ ሳይታጠቡ መንደራቸው አይገቡም። ሕጋቸው ነው። ሁሉም የየራሱ ሕግ አለው፤ በዚህ አልስቅም። የማልወደው ሐሜቱን ነው። «ብረት ቀጥቃጮቹ ቡዳ ናቸው! ሲመሽ ጅብ ይሆናሉ!» ይባል ነበር። ያየ ሰው የለም። ያላየ ሁሉ ግን ይምላል።

በንጉሡ ሰፈር አዛርያ የሚባል ሰው ነበረ። ሥራው የንጉሡን ድንኳን ካስማ መትከል ነው። እሱ የመታውን ካስማ ነፋስም በሬም አይነቅለውም። ለምን? የአንጥረኛ ልጅ ነዋ! የተወለደው እዚያው ወንዝ ማዶ ነው። ይህን ግን ለማንም ትንፍሽ አላለም። አንገቱ ላይ ማተብ አስሮ ክርስቲያን መስሎ ይኖራል። ሰዎች ስለ ቡዳ አውርተው ሲስቁ አብሮ ይስቃል። እንዲያውም ከሁሉም አብልጦ የሚስቀው እሱ ነበር።

አንድ የገበያ ቀን እናቱ እማማ ትርንጎ ገንቦ ተሸክማ መጣች። ከድንኳኖቹ መሃል ቆማ «አዛርያ! ልጄ!» ብላ ተጣራች።

የአዛርያ ጓደኛ ሰማ። «ይቺ ሸክላ ሠሪ አንተን ነው የምትጠራው። ታውቃታለህ እንዴ?» አለው።

አዛርያ ፊቱ ጋለ። «እኔ? የት አውቃታለሁ! ተሳስታ ነው» አለ።

እናቱ ሰማችው። ልጇን አየችው። ከዚያ ጎንበስ ብላ እጅ ነሳችና «አዎ ጌታዬ፣ ተሳስቼ ነው። ልጄን መስለውኝ ነው። ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለችው።

ሰማችሁ? የገዛ ልጇን «እርስዎ» አለችው! አዛርያ መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ።

እሷ ጀርባዋን እንዳዞረች ምድር ተንቀጠቀጠ። ከተራራው አንድ ዘንዶ ወረደ። ወገቡ እንደ ዋርካ ግንድ ይወፍራል። ምንጩ ራስ ላይ ተጠመጠመና ወንዙን በሙሉ ጠጣው። ጠጠሩ ብቻ ቀረ።

ዘንዶው አፉን ከፈተ። «በሮም ነበርኩ። በግብፅ ነበርኩ። በፋርስ ነበርኩ። በሄድኩበት ሁሉ ጎረቤት ጎረቤቱን ይጸየፋል። የምወፍረው በእሱ ነው! እናንተ ሦስታችሁ አብራችሁ የበላችሁ ዕለት እኔ አለቀልኝ። እስከዚያ ውሃ የለም። ሰው አምጡልኝ!» አለና እየተንፈራፈረ ሳቀ። መሞቻውን በገዛ አፉ ነገራቸው። የማይሆን ነገር ነው ብሎ ስላሰበ ነዋ። ጥጋበኛ ምን ጊዜም አፉን አይጠብቅም።

ንጉሡ «ይሄማ ቀላል ነው» አለ። በሬ አሳረደ። ካህኑ በስመ አብ ብሎ ባረከ። ሙስሊሞቹ «እኛ የእናንተ ቢላ ያረደውን አንበላም» ብለው ተመለሱ። ቤተ እስራኤልም አልቀመሱም። ዘንዶው ወፈረ።

በማግስቱ የነጋዴዎቹ ሽማግሌ ሼህ ሲራጅ ቢስሚላህ ብለው ፍየል አረዱ። ክርስቲያኖቹ አፍንጫቸውን በነጠላ ሸፈኑ። ዘንዶው ይበልጥ ወፈረ።

በሦስተኛው ቀን ቤተ እስራኤል ዳቦ ጋግረው አመጡ። «የቡዳ እጅ ነው!» ብሎ ሰው ሁሉ ሸሸ። አዛርያም አብሮ ሸሸ። አቤት፣ የገዛ አክስቶቹ የጋገሩትን ዳቦ! ዘንዶው ከሣቁ ብዛት ተራራውን አናወጠው።

እማማ ትርንጎስ? እማማ ትርንጎ በደረቁ ወንዝ ዳር ቁጭ ብላለች። ገበያ ውላለች፤ ሰው ነክቷታል። ሳትታጠብ መንደሯ አትገባም። መታጠቢያው ውሃ ደግሞ ዘንዶው ሆድ ውስጥ ነው። ወገኖቿ ከማዶ ሆነው ቆሎ ይወረውሩላታል።

ሰው ማጉረምረም ጀመረ። «ይቺ ሴትዮ ለምን ቤቷ አትሄድም? ወንዝ ወንዙን ምን ያሳያታል? በዓይኗ የበላችው እሷ ናት!»

ለምን እንደማትሄድ አዛርያ ያውቃል። አንድ ቃል ቢናገር ያድናታል። ግን «አንተ ሕጋቸውን በምን አወቅህ?» እንዳይሉት ፈራ። አፍ እያለው ድዳ ሆነ።

ንጉሡም ፈረደ። «ነገ ጀንበር ስትወጣ ለዘንዶው ትሰጥ። ዛሬ ወንዙ ዳር ካስማ ተክላችሁ እሰሯት።»

ካስማ የሚተክለው ማን ነው? አዎ፣ እሱ ነው።

መዶሻውን ይዞ ወረደ። መታ። መታ። መታ። እጁ እንኳ አልተንቀጠቀጠም፤ የለመደ እጅ ነው። እናቱ ቀና ብላ አየችውና በቀስታ «ጌታዬ፣ ጠበቅ ያድርጉት። ቢነቀል እርስዎን ይቀጡብኛል» አለችው።

አዛርያ መዶሻውን ጥሎ ሮጠ። አጠገቡ ካለው የሽምብራ ማሳ ዳር ተደፍቶ አለቀሰ። ጀንበር እያዘቀዘቀች ነበር።

«እንደዚህ የሚያለቅስ ሰው አይቼ አላውቅም» አለ አንድ ድምፅ። አዛርያ ዘወር ሲል አያ ጅቦ ተጎልቶ ያየዋል።

«ልትበላኝ ነው?»

«ኧረ እንባህ ጨው አደረገህ፤ አትጣፍጥም» አለ አያ ጅቦ። «እጅህ ብረት ብረት ይሸታል፤ አንተ የአንጥረኛ ልጅ አይደለህም? አንጥረኛን ሁሉ የእኔ ዘመድ ነው ይላሉኮ። እኔ ግን ጅብ ሆኜ ስኖር አንድም አንጥረኛ ወደ ጅብነት መጥቶ አያውቅም። ደግሞስ እኛ ሰው እንዲህ በቀላሉ የሚገባብን ርካሽ ዘር ነን? ይሄ ሐሜት እኔንም ይሰድበኛል!»

አዛርያ ሳያስበው ሳቀ። ወዲያው መልሶ አለቀሰና ሁሉንም ነገረው። እናቱን መካዱን፣ ካስማውን መትከሉን፣ ምንም አላስቀረም። ይህን ለማንም ሲናገር የመጀመሪያው ነበር።

አያ ጅቦ አፍንጫውን ላሰ። «እኔ የሦስታችሁንም ትራፊ እበላለሁ። ሥጋው አንድ ነው። የሚለያያችሁ ቢላው፣ እሳቱና ሸክላው ነው።»

አዛርያ ቀና አለ። ቢላ ያልነካው፣ እሳት ያላየው፣ ከሸክላ ያልገባ ምግብ ከየት ይገኛል? እያሰበ እጁ ከማሳው አንድ ዘለላ ነቀለ። ፈለፈለና ጎረሰ። የሽምብራ እሸት! አርሶ አደሩ ለመንገደኛ የማይከለክለው፣ ካህን ያልባረከው፣ ሼህ ያላረደው፣ ማንም ያልጋገረው!

«አገኘሁት! ግን ማን ይሰማኛል? እኔኮ ማንም አይደለሁም» አለ።

«ማን እንደሆንክ ብትነግራቸውስ?» አለ አያ ጅቦ። «ጀርባዬ ላይ ወጥተህ ግባ። ቢያንስ ማንም አያንቀላፋም።»

ጎህ ሲቀድ አዛርያ ማተቡን በአክብሮት ፈታ። የሰው እምነት መደበቂያ አይደለምና። ከዚያ ጅብ ላይ ተቀምጦ ወደ ሰፈሩ ገባ።

ጩኸቱ አይወራ! «ቡዳ! ቡዳ መጣ!» ወታደሩ ጋሻውን ጥሎ ሮጠ። ንጉሡ ራሱ አክሊሉን አጣምሞ ደፍቶ ወጣ። ከታች ነጋዴዎቹ መጡ። ከማዶ ቤተ እስራኤል መጡ። ዘንዶውም ቁርሱን ፍለጋ እየተሳበ መጣ።

አዛርያ ወረደ። «የአንጥረኛ ልጅ ነኝ» አለ። «እዚያ የታሰረችው ሴት እናቴ ናት። እኔ ነኝ የካድኳት። እኔ ነኝ ካስማውን የተከልኩባት። ወንዙን አልበላችም። ሳትታጠብ ቤቷ መግባት ስለማትችል ነው የተቀመጠችው። ይህን እያወቅሁ ዝም አልኩ።»

ጓደኛው መሬት መሬት ያያል።

«ልጁ እውነቱን ነው» አለ አያ ጅቦ። «አንጥረኛ ጅብ ሆኖ አያውቅም። ከጅብ በላይ የሚያውቅ ካለ ይምጣ!» የመጣ አልነበረም።

አዛርያ ማሳውን አሳየ። «ይህን ማን አረደው? ማን አበሰለው? የማን እጅ ነካው? ሁላችሁም ጎንበስ በሉና በየእጃችሁ ነቅላችሁ ብሉ።»

ካህናቱ እርስ በርስ ተያዩ። እንከን ፈለጉ፤ አጡ። ሼህ ሲራጅ ጢማቸውን ዳበሱና «ወላሂ፣ ምንም ነውር የለበትም» አሉ። የቤተ እስራኤል ሽማግሌም «ውሃው ከተመለሰ እንታጠባለን» አሉ።

ዘንዶው ደነገጠ። «ንጉሥ ሆይ! የአንጥረኛ ጥላ ያረፈበት ነው! ትበላለህ?» ብሎ ጮኸ። የንጉሡ እጅ አየር ላይ ቀረ።

«ጃንሆይ» አለ አዛርያ፣ «ስንት ዓመት እኔ በተከልኩት ድንኳን ተኙ። አንድ ቀን ጅብ ሆኜ በላሁዎት? እኔ እናቴን የካድኩት ከእርስዎ ሰዎች ጋር ለመብላት ብዬ ነው። ዛሬ እናቴ እንድትድን አብረውን ይብሉ።»

ንጉሡ ካስማውን አየ። የታሰረችውን ሴት አየ። የፈረደው እሱ ነው። ጆሮው ቀላ። ንጉሥም ያፍራል፣ ልጆች፤ የሚያይለት ሰው ስለሌለ ነው እንጂ። አክሊሉን አውልቆ ብብቱ ውስጥ ከተተና ጎንበስ አለ። ነቀለ። ፈለፈለ። በላ። ሼህ ሲራጅ በሉ። ሽማግሌው በሉ። እማማ ትርንጎም ተፈትታ በላች። ማሳው ሙሉ ሰው እየተንጫጫ «ያ ዘለላ የኔ ነው! እዚህ ጋ ይሻላል!» እየተባባለ በላ።

ዘንዶው ከግንድ ወደ ገመድ ቀጠነ። ከገመድ ወደ ክር ቀጠነ። ትል ሲያክል አያ ጅቦ «እኔ እሸት አልወድም፤ ይሄ ግን ሥጋ ነው» ብሎ ዋጥ አደረገው። ውሃውም እያጉረመረመ ወረደ።

ሰው ሁሉ አዛርያን ሊሸከመው ፈለገ። እሱ ግን ከወንዙ ትልቅ ድንጋይ አንሥቶ ጫንቃው ላይ አደረገ። በዳይ ይቅርታ ሲጠይቅ እንደሚያደርገው። ከእናቱም እግር ሥር ተደፋ። «እማዬ፣ ይቅር በይኝ» አለ።

እማማ ትርንጎ ድንጋዩን በሁለት እጇ አንሥታ ወንዙ ውስጥ ጣለችው። ቁጭ አለችና ግንባሩን ዳበሰችው።

«ያን ዕለት የመጣሁት ገንቦ ልሸጥ አልነበረም» አለችው። «ታሟል ብለውኝ ነው። ተሻለህ፣ ልጄ?»

አዛርያ ብትመታው በወደደ፤ ብትረግመው በወደደ። አብረው ታጥበው ወደ መንደራቸው ሄዱ። እሷ ይቅር ብላዋለች። እሱ ግን እስኪያረጅ ድረስ ያቺ ጥያቄ ትዝ ባለችው ቁጥር፣ ብቻውን ሆኖ እንኳ፣ ፊቱን በጋቢው ይሸፍን ነበር ይባላል።

ስለዚህ ልጆች፣ በወላጆቻችሁና በወገናችሁ አትፈሩ። በእናቱ ያፈረ ሰው መጨረሻ ላይ የሚያፍረው በራሱ ነው። የማታውቁትንም ሰው አትሙ፤ ሐሜት ዘንዶ ይቀልባል።

ተረቴን መልሱልኝ፤ አፌን በሽምብራ እሸት አብሱልኝ። አሁን ሂዱና ከመተኛታችሁ በፊት እናቶቻችሁን «እንደምን ዋልሽ» በሉ።