ሙሴ እስኪመጣ

አንድ ሰው ነበረ። ድሬዳዋ ውስጥ፣ ከባቡር ሃዲዱ ማዶ፣ ጎማ እየለጠፈ የሚኖር ጎሚስታ። ሀብት የለውም፣ ሚስት አላገባም። አንድ ሽማግሌ አባት ግን አለው።

አባትየው አቶ ዘርጋው ይባላሉ። እርጅና በእግራቸው አልጀመረም፤ በትዝታቸው ጀመረ። መጀመሪያ የጎረቤት ስም ጠፋቸው። ቀጥሎ ቀኑ ማክሰኞ ይሁን ዓርብ ጠፋቸው። በመጨረሻ የልጃቸው ፊት ጠፋቸው። ልጁ ጠዋት ጠዋት ገላቸውን ያጥባቸዋል፣ ፀጉራቸውን ያበጥርላቸዋል። እሳቸውም ጨዋ ሰው ናቸውና ይመርቁታል፦ "እግዜር ይስጥህ። የማን ልጅ ነህ?"

ወገኖቼ፣ ይህን ጥያቄ ከገዛ አባታችሁ አፍ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ?

በግንቦት አንድ ቀን፣ ድሬ እንደ ምጣድ በምትግልበት ወር፣ ሽማግሌው በርጩማቸውን ይዘው ውጭ በሩ ላይ ተቀመጡ። ምሳ ቀረበላቸው። ሳህኑን ገፉት።

"ሙሴ ሳይመጣ አልበላም።"

"አባዬ፣ ፀሐዩ ይገድልሃል። ግባ።"

"ጠብቀኝ ብሎኛል። ይመጣል።"

በማግስቱም እንዲሁ። በሳምንቱም እንዲሁ። በልመና ትንሽ ወተት ይቀምሳሉ፣ ሌላ ምንም። ጉንጫቸው ጎደጎደ። ከጤና ጣቢያ የመጣችው ነርስ ክንዳቸውን ይዛ አየችና ልጁን ወደ ጎን ጠራችው። "በዚህ ከቀጠሉ ወሩን አይጨርሱም" አለችው።

ልጁ ወደ አንድ ሰባኪ ሄደ። ያ ሰባኪ እኔ ነበርኩ። ብዙ ዓመት በሰው አገር ተምሬ ገና መመለሴ ነው፤ ያኔ ለሁሉም ነገር መልስ ነበረኝ። "አባትህ ነቢዩን እያዩ ነው" አልኩት። "ባሕሩን ሊሻገሩ ተቃርበዋል። ተዋቸው፣ ይጠብቁ።" የዚያኑ ሳምንት እሑድ ሰበክሁበት። ሰው አለቀሰ። እኔም ደስ አለኝ።

ያረመኝ አንድ በያጅ ነው። ሙክታር ይባላል፤ ሱቁ ከጎሚስታው ሱቅ ጋር ግድግዳ ይጋራል። ታሪኩን ሲሰማ መዶሻውን ጥሎ ሳቀ።

"አቦ፣ የምን ነቢይ ነው! ድሮ ፈረንጁ ሁሉ፣ በእነሱ አፍ 'ሙስዬ' ለማለት፣ ሙሴ አልነበር? ባቡሩን የሚነዳው ሙሴ፣ ሆቴሉን የያዘው ሙሴ። አያቴ እኮ ፈረንጅ ባየ ቁጥር ሙሴ ነው የሚለው። አንተ ፓስተር፣ ያን ሁሉ ዓመት ስትማር ይቺን አላስተማሩህም?"

ድሬ ነው፤ አንቱ ብሎ ነገር የለም።

የሽማግሌውን የቆርቆሮ ሳጥን ከፈትን። ከታች አንድ ፎቶግራፍ አለ። ባቡር ፊት የቆመ ፈረንጅ፤ ጠንካራ ባርኔጣ፣ ክብ የአቧራ መነጽር፣ ረጅም ኮት። ደረቱን በቆዳ ማሰሪያ ጠፍሯል፣ ጥርሳም ክቦች ያሉት የነሐስ መለኪያ አንጠልጥሏል። በረሃውን ሊያስስ የመጣ ሰው ነው። ከጎኑ በሳጥን ክምር ላይ አንድ ጎረምሳ ተቀምጧል። የአቶ ዘርጋው ግንባር ነው፣ የአቶ ዘርጋው ጆሮ ነው።

ልጁ ፎቶውን ወደ ብርሃኑ አወጣው። ከዚያ "ሙሴን እኔ እሆናለሁ" አለ።

በምን አቅሙ? በተማርኩበት አገር ወጣቶች ለጨዋታ እንዲህ ይለብሳሉ። የእንፋሎት ዘመን አሳሽ መስለው፣ መነጽር ግንባራቸው ላይ ሰቅለው፣ የሰዓት ጥርስ ደረታቸው ላይ ለጥፈው አደባባይ ይወጣሉ። ስቲምፓንክ ይሉታል። ለአንድ ባርኔጣ የሚያወጡት የጎሚስታውን የወር ቀለብ ይችላል። እሱ ያለው እጁ ብቻ ነው።

ስለዚህ ቅል ለሁለት ሰነጠቀ፤ በአሮጌ ሱሪው ካኪ ሸፈነው፤ ባርኔጣ ሆነ። መነጽሩን ከሙክታር ተዋሰ፣ የብየዳ መነጽር ነው። የመኪና ጎማ የውስጥ ላስቲክ ቀድዶ ማሰሪያ አደረገ፤ ከሩቅ ላየው ቆዳ ይመስላል። የጎማ ነፋስ የሚለካበትን መሣሪያ በአንገቱ አንጠለጠለ። ከተሰበረ የግድግዳ ሰዓት ጥርሶቹን አወጣና ሙክታር የብረት በር ጌጥ ከሚቀባበት ወርቃማ ቀለም ትራፊ ቀባቸው።

ኮቱን ፍለጋ ታይዋን ገበያ፣ ሰልባጅ ተራ ሄደ። "ረጅም ኮት፣ ለአባቴ" አላት። ሻጯ ከላይ እስከ ታች አየችው።

"በዚህ ሙቀት ኮት? አባትህ ሐረር ብርድ ላይ ነው እንዴ ያለው?"

"የለም፣ በር ላይ ነው ያለው።"

ምን እንደገባት አላውቅም። የሰጣትን ተቀብላ ኮቱን ለቀቀችለት።

ሙክታር ጥርሶቹን ከማሰሪያው ጋር ሲያያይዝለት ጠየቀው፦ "ይሄ ምን ያዞራል?"

"ምንም።"

"ታዲያ ምን ያደርግልሃል?"

"አባቴን ያበላልኛል።"

የቀረው ቋንቋው ነበር። ጎሚስታው የፈረንጅ አፍ አያውቅም። "ዝም በል፣ ራስህን ነቅንቅ" አለው ሙክታር። "ፈረንጅ ካልገባው ይነቀንቃል።"

እኩለ ቀን ላይ በጓሮ ወጣ። መንገዱን ዞሮ በሃዲዱ በኩል መጣ። የሰፈሩ ሰው ከየጥላው እየወጣ ሳቀበት። "አቦ፣ ባቡሩ ሥራ ጀመረ እንዴ!" አለ አንዱ። እሱ ወደ በሩ ቀጠለ።

አቶ ዘርጋው አዩት። ለብዙ ቀን ያለ ደጋፊ ያልቆሙ ሰው ብድግ አሉ።

"ሙሴ! ዘገየህ።"

"ዘገየሁ" አለ ልጁ።

"አማርኛህ ተሻሽሏል!" አሉና ሳቁ። ከዚያ ሳቃቸው ቆመ። "ሳጥኖቼን ጠብቅ ብለኸኝ ነበር። ሁለት ወር ጠበቅሁ። ከዚያ 'እናትህ ታማለች' ብለው ከቤት ላኩብኝ፤ ጥዬ ሄድሁ። ስመለስ ሳጥኖቹ የሉም፣ አንተም የለህም። ሌባ ነው ብለህ ይሆናል። ሌባ አይደለሁም፣ ሙሴ።"

አያችሁ? በሩ ላይ ያስቀመጣቸው፣ እህል ያስከለከላቸው ይህ ነበር። ስድሳ ዓመት የተሸከሙት።

"ሌባ አላልኩህም" አለ ልጁ። "እናትህ ጋ በመሄድህ ደግ አደረግህ። አሁን እንብላ።"

በሉ። ከአንድ ሳህን፣ ሩዝ በወጥ። ሽማግሌው "እጄን አትጸየፍ" ብለው አጎረሱት። ልጁም አጎረሳቸው። መቼም ሰው ነውና፣ ባይጠይቅ ይሻል የነበረውን ጠየቀ።

"ልጅ አለህ?"

"አንድ አለኝ። ይርዳው ይባላል። ጥሩ ልጅ ነበር። አንድ ቀን እንኳ መጥቶ አላየኝም።"

ይርዳው ሌላ ጉርሻ አጎረሳቸው።

"ጠዋት ጠዋት የሚያጥበኝ አንድ ሰው አለ" አሉ አባትየው። "ደግ ሰው ነው። የኔ ግን አይደለም።"

የብየዳ መነጽር ከፊት ጋር ጥብቅ ያለ ነው፤ እንባ መውጫ የለውም። ውሃው መስታወቱ ሥር ቆመ። "ላብህ ነው፣ አውልቀው" አሉት። አላወለቀም።

በሦስተኛው ቀን ግን አልቻለም፤ በምሳው መካከል አወለቀው። አባትየው የያዙትን ጉርሻ ሳህኑ ላይ መለሱ። "የማን ልጅ ነህ?" አሉት። "ሙሴ የት ሄደ?" ይርዳው መነጽሩን መልሶ አደረገ። ከዚያ ወዲያ አላወለቀውም።

አምስት ወር፣ በየቀኑ እኩለ ቀን ላይ ለበሰ። ሽማግሌው ትናንትን አያስታውሱምና በየቀኑ ይቅርታ ጠየቁ፣ በየቀኑ ይቅር ተባሉ፣ በየቀኑ በሉ። በየቀኑም ልጄ አይመጣም ብለው ከሰሱ። በጥቅምት ዐረፉ። የልጃቸውን እጅ ይዘው፣ "ሙሴ" እያሉ።

ከቀብር መልስ ይርዳው ወደ እኔ መጣ። "ዋሸሁት?" አለኝ። ይህን ታሪክ ሦስት ቦታ ተናግሬዋለሁ፣ ሦስቱንም ጊዜ የተለየ ትርጉም ሰጥቼዋለሁ።

ነገር ግን አንድ ቃል አለን። ጌታ ሥጋን ለበሰ እንላለን። ለበሰ! በዚህች ቃል ላይ በሰው አገር ስንት ወረቀት ጽፌያለሁ፣ ስንት ተከራክሬያለሁ። ልብሱ ውስጥ ምን ያህል እንደሚሞቅ ግን አንድም ቀን አስቤ አላውቅም ነበር። የገዛ ወገን እንግዳ ብሎ ሲያስተናግድህ፣ እንባህ መውጫ ሲያጣ፣ ብታወልቀው የምትወደው ሰው እንደሚራብ ስታውቅ፣ ያ ልብስ ምን ያህል ይሞቃል?

እናንተስ? በር ላይ ተቀምጦ የማይመጣውን የሚጠብቅ ሰው ያላችሁ በመካከላችን አላችሁ። በራሳችሁ ስም ብትሄዱ አይቀበላችሁም። በሌላ ስም ትሄዱለታላችሁ? ምስጋናው ለሌላ፣ ስሞታው ለእናንተ ሲሆን ቁጭ ብላችሁ ታጎርሱታላችሁ? ቀላል ነው አልላችሁም። እኔ አልቻልኩትም።

ደግሞ በወዲያ በኩል እዩት። ምናልባት እናንተ ሽማግሌው ናችሁ። ማንም አልጎበኘኝም ትላላችሁ። እግዚአብሔር ረሳኝ ትላላችሁ። እኔም ብያለሁ፤ በሄድሁበት አገር ሁሉ፣ በተማርኩት ቋንቋ ሁሉ ብያለሁ። ይህን ስሞታ ማን ፊት ተቀምጠን ነው የምንናገረው? ስንናገር አፋችን ውስጥ ያለው ጉርሻ የማን ነው?

አቶ ዘርጋው ሕመም ነበረባቸው። የእኛ ሰበብ ምንድን ነው?