ጋኔኑ የለቀቀው ቤት

ፊታውራሪ ድልነሳሁ ጋኔን ሰፍሮበታል የተባለውን አሮጌ ቤታቸውን ለአንዲት ምላሰኛ ጭቃ መራጊ በግማሽ ዋጋ ሸጡላት። ሴትዮዋ የሚያፈሰውን ጣሪያ ከደነች፣ ግድግዳውን መረገች፣ ለሦስት ቤተሰብም አከራየችው። ዓመት ሞላ፤ ጋኔኑ የውሃ ሽታ ሆኖ ቀረ።

ይህን የሰሙት ፊታውራሪ አንድ ጠዋት አሽከሮቻቸውን አስከትለው ግቢዋ ገቡና ተከራዮቹ ሁሉ እየሰሙ አፈጠጡባት።

«ስሚ አንቺ! በርካሽ የሸጥኩልሽ ጋኔን አለበት ብዬ ነው። እንግዲህ ወይ ጋኔኑን አሳዪኝ፣ ወይ ቤቴን መልሺ!»

ሴትዮዋ ጭቃ የነካ እጇን በቀሚሷ ጠረገችና እጅ ነሳች።

«ጋኔኑስ በእርግጥ ነበረ፣ ጌታዬ። እርስዎ ጓዝዎን ጠቅልለው የወጡ ዕለት አብሮ ወጣ። እስከ ዛሬ ጠዋት ድረስም አልተመለሰም ነበር።»