ለወንድሙ ክንፍ የተመረጠ ሞተር

አንድ ሰው ነበረ፤ በሐይቅ ዳር የሚኖር አናጺ። የእርሱን ነገር የማነሣልህ፣ ይርሳው ልጄ፣ የጠየቅኸኝን ስላልረሳሁ ነው። ልጅህ ከሕመሟ ከዳነች ወዲህ ለምስጋና ብለህ የመነኮሳቱን ሥርዓት በቤትህ ይዘሃል። ቀን መኪና ስትነዳ ትውልና ስትገባ ዳዊቱን ሙሉውን ትደግማለህ፤ ስግደቱንም እንደ እነርሱ ታበዛለህ። ቀስ በል ስልህ «ለእግዚአብሔር ሲሰጡማ ትልቁን ነው፤ ልክ ምን ያደርጋል?» አልኸኝ። እስቲ የአናጺውን ነገር ስማ።

ይህ ሰው አንድ ታላቅ ወንድም ነበረው። ወንድምዬው እግሩ ከከዳው ቆይቷል። አልጋው በመስኮት አጠገብ ነው፤ ከዚያ ሆኖ ሐይቁንና ሸንበቆውን ያያል። ሁለቱ ወንድማማቾች አንዲት ትንሽ አውሮፕላን ይሠሩ ነበር፤ ሰው የማትጭን፣ ከምድር ሆነው በእጅ በሚያዝ ሬዲዮ የሚነዷት። አካሏን ታናሹ ሠራ። ክንፎቿን ታላቁ አልጋው ላይ ሆኖ ሠራ፤ ቀርከሃውን እስኪሳሳ እየላገ እንደ ወፍ ክንፍ አጥንት በአጥንት አያያዘው፣ ስስ ወረቀትም አለበሰው። ክንፎቹን ሲጨርስ ጣቶቹ ደከሙ፤ ዓይኑም እየፈዘዘ ሄደ። ሌላ ክንፍ እንደማይሠራ ሁለቱም ያውቁታል፤ ግን አያነሡትም።

«በሕልሜ አያታለሁ» ይል ነበር ታላቁ። «በሸንበቆው ላይ ቀስ ብላ ታልፋለች። ፀሐይዋ ክንፏ ውስጥ ትገባና የላግሁት አጥንት አንድ በአንድ ይታየኛል። ከዚያ እነቃለሁ።»

«በውንህም ታያታለህ፣ ጋሼ» ይለዋል ታናሹ።

የቀረው ሞተር ነበር። ነገሩን የሚያውቅ አንድ ወዳጁ ሁለት ሞተር አመጣለት፤ አንዱ ሎሚ የሚያህል፣ ሌላው ብርቱካን የሚያህል። «መጀመሪያ አውሮፕላኗን መዝናት፤ ክንፏንም ለካ። ሞተሩን የምትመርጥልህ እርሷ ናት» ብሎት ሄደ። አናጺው ግን አልመዘነም። የሚሠራበት የእንጨት ሥራ ቤት ባልደረቦቹ ሎሚውን አገላብጠው አይተው «በዚህ ትንኝ ልታበር ነው?» ብለው ሳቁበት። እርሱም በልቡ፦ ወንድሜ ዓይኑን የጨረሰበት ሥራ ነው፤ ለተከበረ ሰው ትንሹን ማቅረብ ነውር ነው አለ። ብርቱካኑን አፍንጫዋ ላይ አሰረ።

ታላቁ «እስቲ አምጣት» አለው። ሁለት ጣቶቹን ከክንፎቿ ሥር አድርጎ ብድግ አደረጋት። በአፍንጫዋ ተደፋች።

«ራሷ ከበዳት።»

«ይስተካከላል፣ ጋሼ።» ታናሹ ከዓሣ አጥማጆች መረብ የወለቀ ከባድ የእርሳስ ብረት አምጥቶ ጅራቷ ላይ አሰረ። አሁን በጣቶቹ ላይ ቀጥ አለች።

ታላቁ ክንፏን በጣቱ ዳበሰ። «አንተ ልጅ፣ ራሷ ሞተሩን ያዘች፣ ጅራቷ እርሳሱን ያዘች። ሁሉንም የሚሸከመው ግን የእኔ ክንፍ ነው።»

«የሞተሩ ጉልበት ይችለዋል።»

«እንግዲህ አንተ ታውቃለህ» አለና ፊቱን ወደ መስኮቱ መለሰ።

ሐይቁ ጉሙን ገና ሳያወልቅ አናጺው ሜዳው ላይ ለቀቃት። ሞተሩ ጮኸ፤ ዳክዬዎቹ ከሸንበቆው በርግገው ወጡ። አውሮፕላኗ እንደ ወንጭፍ ድንጋይ ተወረወረች። በመስኮቱ ፊት ሊያዘገያት ጉልበቱን ሲቀንስ ቁልቁል ትወርዳለች፤ ሲደነግጥና ሲጨምርላት ትከንፋለች። ክብደቷ በዝግታ መሄድን ከልክሏታል። ደጋግሞ ሞከረ፤ ያው ነው። ልታርፍ ስትልም እየበረረች መጥታ ሣሩን ጠረገችው፤ አንዱ ክንፏ ተሰነጠቀ።

ታቅፏት ገባ። «አየኻት፣ ጋሼ?»

«አለፈች እንዴ?» አለ ታላቁ። «ጩኸቷንስ ሰማሁ።»

አናጺው በአልጋው ጫፍ ተቀመጠ። ከዚያ ካቻቢቴውን አነሣና ብርቱካኑን ፈታ፤ እርሳሱንም ከጅራቷ አወለቀ። ታላቁ በጣቱ እያሳየው ስንጥቁን በኮላ አጣበቀ። አሁን መዘናት፤ ክንፏንም ለካ። ከዚያ ሎሚውን አሰረ።

ኮላው ከደረቀ በኋላ እንደገና ወደ ሜዳው አወጣት። ባልደረቦቹ «ትንኟን ልናይ መጣን» እያሉ ቆመዋል። ሣሩ ላይ ረጅም ሮጠች። ከዚያ ሳትቸኩል፣ ማንም እንዳልገፋት ሆና ተነሣች። ድምፅዋ የንብ ያህል ነው። ዞራ በሸንበቆው ላይ መጣች፤ በመስኮቱ ፊት ስትደርስ ቆማ የምትጠብቅ እስክትመስል ድረስ ዘገየች። ጉሙ ተገልጦ ነበርና ብርሃኑ በክንፎቿ ውስጥ ገባ። ባልደረቦቹም አንጋጠው በዓይናቸው ተከተሏት።

አናጺው እየሮጠ ገባ፤ ለመጠየቅ ግን ፈራ።

ታላቁ ዓይኑን ከመስኮቱ ሳይነቅል «ከዳር ሦስተኛዋ አጥንት ትንሽ ጠማማ ናት» አለ። «በሕልሜ ቀጥ ያለች ነበረች።» እንዲህ ሲል ፈገግ ይል ነበር።

አሁን ይርሳው፣ ወደ አንተ ልመለስ። ክንፉ ኑሮህ ነው፤ መሪ የምትጨብጥበት እጅህ፣ ሚስትህ፣ ልጅህ። እግዚአብሔር በዝግታ የሠራው ነው። ሞተሩ ጸሎትህ ነው። የመነኮሳቱ ጸሎት የመነኮሳቱን ክንፍ ያነሣል፤ እነርሱ ልጅ አያስተኙም፣ መንገደኛም አይጭኑም። አንተ ያንን ራስህ ላይ አስረህ፣ እንዳትደፋ ከኋላህ እርሳስ ትጨምራለህ፦ እንቅልፍ አጥተህ መንዳትን፣ ቤትህ ገብተህ መቆጣትን። ቀጥ ያልህ ይመስልሃል። ሚስትህ ግን መጥታ ምን አለችኝ መሰለህ? «ጸሎቱን እንሰማለን፤ እርሱን ግን አናየውም» አለችኝ።

ይህን ስልህ ደግሞ ጥቂት ይበቃኛል ብለህ እንዳትተኛ። ከልክ ያነሰ ሞተርም አለ፤ አውሮፕላኗን ሣር ለሣር ሲያንደፋድፋት ይውላል እንጂ ከመሬት አያነሣትም። ወደ ንስሐ አባትህ ሂድና ሸክምህን ሁሉ ንገራቸው፤ ይመዝኑህ፤ የሚሰጡህንም አትናቅ።

ለዛሬ ግን ከዳዊቱ አንዲት መዝሙር ትብቃህ። በቀስታ ድገማት፤ ልጅህን ጭንህ ላይ አስቀምጠህ። የዳነችው እርሷ ናትና አባቷ ሲያመሰግን ፊቱን ትየው።