አህያ፣ ጅብና የትኋኑ ዱቄት

አንድ ጊዜ፣ ክረምቱ እጅግ በከበደበት ዓመት፣ አህያና ጅብ ጎረቤት ሆነው ኖሩ። ይህ የሆነው ወድደው አልነበረም። ወንዙ ሞልቶ ሜዳውን ሁሉ ስለዋጠው እንስሳቱ ወደ አንድ ገደል ሥር ሸሹ፤ እዚያም እየተጠጋጉ በእንጨትና በጭቃ ቤት ሠሩ። አንበሳም «ውኃው እስኪጎድል ድረስ ጎረቤቱን የበላ ጠቡ ከእኔ ጋር ነው» ብሎ አወጀ። ቦታው ጠባብ ነበርና ለአህያ የደረሳት ቤት ከጅብ ቤት ጋር አንድ ግድግዳ የሚጋራ ሆነ።

አህያ በበጋው የወለደችው አንድ ውርንጭላ ነበራት። ጅብ ከግድግዳው ወዲያ ሲያዛጋ ይሰማታል፣ አጥንት ሲቆረጥም ይሰማታል። በሰማች ቁጥር ልጇን ወደ ራሷ ትስበዋለች። የአንበሳን አዋጅ ታምናለች፤ የጅብን ሆድ ግን አታምንም።

አንድ ማለዳ የውርንጭላው አንገት ሥር ቀያይ እባጮች ተሰልፈው አየች። ሳማ ነክቶት ይሆናል ብላ ዝም አለች። በማግስቱ እባጮቹ ወደ ሆዱና ወደ ጭኑ ወረዱ። ልቧ አላርፍ ቢላት መኝታውን ገለበጠችው። ከገለባው ሥር ምስር የሚያህሉ ጠፍጣፋ ቡናማ ነገሮች ተሯሯጡ። አንዱን በሰኮናዋ ብትረግጠው ደም ሆነ። ደሙ የልጇ ነበር።

ትኋን!

ከድንጋጤዋ ይልቅ የበረታባት እፍረቷ ነበር። ትኋን የሚገባው ሰነፍ ቤት ነው ሲባል ስትሰማ አድጋለች። እሷ ደግሞ ጠዋት ማታ የምትጠርግ እንስሳ ናት። ስለዚህ ለማንም አልተናገረችም። ገለባውን አቃጠለች፤ ውኃ አፍልታ አልጋው ላይ ደፋች፤ አዲስ ሣር አጭዳ አነጠፈች። ትንሽ ፋታ አገኘች፤ ከዚያ እባጮቹ ተመልሰው መጡ። ውርንጭላው ሌሊት ሲያክክ አድሮ ቀን ቀን ቆሞ ያንቀላፋ ጀመር። ጆሮዎቹ ወደቁ፤ ጡትም በቅጡ አልጠባ አለ። ከፍየል ግልገሎች ጋር እንዳይጫወት ከለከለችው፤ ፍየል ምን ሆኖ ነው ብላ ስትጠይቃት ጉንፋን ይዞት ነው አለቻት።

ቀበሮ ግን በዚያ ሰፈር የማያየው ነገር አልነበረም። አንድ ቀን ደጃፏ ላይ ቁጭ አለና ውርንጭላውን ሲመለከት ቆየ።

«ጉንፋን አያሳክክም» አላት።

አህያ አንገቷን ደፋች። ቀበሮም ለማንም እንደማይናገር ነገራት፤ አነጋገሩ ግን ቢፈልግ መናገር እንደሚችልም ያሳስባል። ቀጥሎም ሰዎች መንደር አጠገብ ተጥሎ ያገኘው አንድ ከረጢት የትኋን ዱቄት እንዳለው፣ ሰዎቹ ሲጠቀሙበትም በአጥር ቀዳዳ በኩል ደህና አድርጎ እንዳየ አጫወታት። ለጎጆው ክዳን የሚሆን ሣር ከወንዙ ዳር ካመላለሰችለት ከዱቄቱ ሊቆነጥርላት ተስማሙ።

የልጅ ነገር ነውና አህያ ጠይቃ አልጠግብ አለች። ምን ያህል? የት ላይ? ልጄንስ አይጎዳውም? ቀበሮ መሰልቸቱ ባይቀርም የሚያውቀውን ሁሉ ነገራት።

«በስሱ ነው የሚነሰነሰው፤ ዓይን እስከማያየው ድረስ በስሱ። የግድግዳው ስንጥቅ ውስጥ፣ የአልጋው መገጣጠሚያ ላይ። መኝታ ላይ አይደረግም፤ ምግብ አጠገብ አይደርስም። አፍንጫሽን ሸፍኚ፤ ልጁን ከቤት አውጪው። ከዚያ ታገሺ። ትኋኑ በዱቄቱ ላይ ሲራመድ ገላው ላይ ይዞት ይሄዳል እንጂ እዚያው አይሞትልሽም።»

እንዳላት አደረገች። መታገሡ ከሥራው ሁሉ የከበደ ሆነባት። በየማለዳው የልጇን ገላ ስታገላብጥ ትውላለች፤ አንድ እባጭ ባየች ቁጥር መድኃኒቱ ውሸት ነው ትላለች፤ ደርቆ የወደቀ ትኋን ባገኘች ቁጥር ደግሞ ተስፋዋ ይመለሳል። የሞቱት እየበዙ ሄዱ። ሆኖም የሚነክሱት አላለቁም።

አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ ግድግዳውን ትክ ብላ ስታይ፣ ከአንድ ስንጥቅ ውስጥ አንድ ትኋን ብቅ አለ። ከኋላው ሌላ ተከተለው። ስንጥቁ ከጅብ ቤት የሚመጣ ነበር።

ነገሩ ያን ጊዜ ገባት። ክረምቱ ሲጀምር ጅብ ከመንደር ዳር አንድ የጠፍር አልጋ ጎትቶ አምጥቶ ነበር። ጠፍሩን ቀን ቀን እያኘከ ማታ የሚተኛበት ጥሩ ነገር አገኘሁ ብሎ ለሰፈሩ ሁሉ ሲያወራ ሰንብቷል። ሰዎቹ አልጋውን ለምን እንደጣሉት ግን አልጠየቀም። አህያ ወደ ቀበሮ ሮጣ ነገረችው። ቀበሮም የጅብ ቤት ካልጸዳ የሷ ልፋት ከንቱ መሆኑን አረጋገጠላት፤ ለጅብ የሚነግረው ግን እሱ እንዳልሆነ ቁርጡን አሳወቃት።

ወደ ጅብ ቤት መግባት! አህያ ያን ቀን ሣር አልበላችም። ልጇን ይዛ መሄድ አትችልም፣ ብቻውን ትታውም መሄድ አትችልም። በመጨረሻ ወደ ፍየል ሄዳ፣ ጉንፋን ያለችው ውሸት እንደሆነና ቤቷን ትኋን እንደወረሰው ነገረቻት።  ፍየል የአንድ ግልገሏን ጠጉር ገለጥ አድርጋ አሳየቻት። እሷም ቤት እንደዚያው ነበር፤ እሷም ስታፍር ነው የከረመችው።

ውርንጭላውን ለፍየል አደራ ብላ አህያ የጅብን በር አንኳኳች። ጅብ ከአልጋው ላይ ሆኖ ግቢ አላት። ከደጃፉ ሳታልፍ፣ አንድ እግሯን ውጭ አድርጋ ቆመች።

«አያ ጅቦ፣ አትቆጣኝ። ቤትህ ትኋን አለ፤ በስንጥቁ እየመጣ ልጄን ጨረሰብኝ።»

ጅብ ዓይኑን አፈጠጠ። አህያ የኋላ እግሮቿን አደላደለች። እሱ ግን ሊናገር አፉን ሲከፍት ብብቱን በላውና ማከክ ጀመረ፤ አክኮ አክኮ ሲያበቃ ቁጣው ጠፋበት።

«እኔ እኮ ከጥጋብ የመጣ እከክ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር» አላት።

ስለ ዱቄቱ ነገረችው። አጠቃቀሙን ልታስረዳው ስትጀምር ግን እሱ ከአልጋው ዘሎ ወርዷል። በስሱ ነው የሚነሰነሰው እያለች ከኋላው ተከተለችው። የሰማው ዱቄቱ ማን ቤት እንዳለ ብቻ ነበር።

ቀበሮ ዘንድ ሲደርስ አንድ የደረቀ የጎሽ እግር ተሸክሞ ነበር። ይህን ልስጥህና ከረጢቱን እንዳለ ስጠኝ አለው። ቀበሮ ሥጋውን ሲያይ ምራቁን ዋጠ። ዱቄቱ መርዝ እንደሆነ ሊነግረው አፉን ከፈተ፤ ጅብ ግን የጎሹን እግር ወደ ኋላው ሸሸግ አደረገ።

«ልታወራኝ ነው ወይስ ልትሰጠኝ?»

ቀበሮ አፉን ዘጋና ከረጢቱን ሰጠው።

ጅብ እየሮጠ ቤቱ ገባ። ጥቂቱ ጥቂት ከገደለ ብዙው ሁሉንም ይገድላል ብሎ አሰበ፤ በዚህ ሐሳቡም ኮራ። መድኃኒቱ እንዳያመልጥ በሩን ዘጋ፤ ስንጥቅ መፈለጉን ትቶ ከረጢቱን አልጋው ላይ ገለበጠው። ከዚያም በአራት እግሩ እየዘለለ ዱቄቱን አቦነነው። ቤቱ በነጭ ጉም ተሞላ። ጉሙ መውጫ ሲያጣ በግድግዳው ስንጥቅ ገባ።

አህያ ልጇን ከፍየል ተቀብላ አስተኝታው፣ ጅብ ሳይመለስ እደርሳለሁ ብላ ሣር ልታመጣ ወደ ወንዙ ወርዳ ነበር። ስትመለስ ቤቷ ውስጥ እንደ ጭስ ያለ ነገር ሲያንዣብብ አየች። ጭስ ግን አልሸተታትም። ውርንጭላው ያስላል፤ ከአፉ ለሃጭ ይዝረበረባል፤ ሊነሳ ሲሞክር ጉልበቶቹ ይከዱታል። ትንፋሿን ይዛ ገባች፤ ማጅራቱን በጥርሷ ያዘችና ጎትታ አወጣችው። ነፋስ ያለበት ቦታ እስኪደርሱ አላቆመችም። ፍየል በቅል ውኃ አቀበለቻት፤ ዓይኑን፣ አፉን፣ ጠጉሩን እየደጋገመች አጠበችው። ከዚያ በኋላ የምታደርገው ስላልነበራት አጠገቡ ቆማ ትንፋሹን ታዳምጥ ጀመር። ትንፋሹ ይቆራረጣል። ሲቆም የእሷም ይቆማል፤ ሲመለስ የእሷም ይመለሳል። አንዴ ከናካቴው የቆመ መሰላትና ጆሮዋን ደረቱ ላይ ለጠፈች። ልቡ ይመታል። ከዚያ ቀስ በቀስ፣ እዚያው ፊቷ፣ ሳሉ እየቀለለ መጣ፤ ጆሮውንም ቀጥ አደረገ።

በዚህ መሐል ከጅብ ቤት አንድ ነገር ዱብ ሲል ተሰማ። ከዚያ ጸጥ አለ።

ፍየል ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ተይው» አለቻት። «ውኃው ሲጎድል ማንን ሊበላ ይመስልሻል?»

አህያ ይህን ሳታውቅ ቀርታ አይደለም። ልጇን አየች፤ የተዘጋውን በርም አየች። ከዚያ ልጇን ለፍየል ትታ ሄደች። ጀርባዋን ለበሩ ሰጥታ በኋላ እግሮቿ ብትለው በሩ ተገነጠለ። ጉሙ እስኪወጣ ዞር ብላ ጠበቀች፤ ትንፋሿን ያዘችና ገብታ ጅብን በጭራው ጎትታ አወጣችው። ምላሱ ተጎልጉሎ ዓይኑ ተገልብጦ ነበር። እሱንም አጠቡት።

ጅብ ብዙ ቀን ታመመ። ሆዱ ምግብ አልቀበል ሲለው ነገሩ መክፋቱ ለራሱም ታወቀው። ትንሽ ሲያገግም አህያን አስጠርቶ ጠየቃት።

«ለምን አወጣሽኝ?»

«ብትሞት ቤትህ ባዶ ይቀራል» አለችው። «የሚነክሰው ያጣ ትኋን ደግሞ ወደ ጎረቤት ነው የሚመጣው።»

ጅብ ይህን ለመረዳት ሞከረ፤ አልሆነለትም።

ቀበሮም በዚያው ሰሞን ጆሮውን ጥሎ መጣ። ከጎሹ እግር ጋር ትኋን ቤቱ ገብቶበት ነበር፤ ከረጢቱን እንዳለ ስለሸጠው ለራሱ የሚሆን ቁንጥር ዱቄት እንኳ አልቀረውም። አህያ ለጅብ አጠቃቀሙን ለምን እንዳልነገረው ጠየቀችው። ቀበሮ እሱ አልጠየቀኝም አላት።

«እኔስ ባልጠይቅህ ኖሮ?»

 ያም ሆኖ አህያ ከተረፋት ዱቄት ሰጠችው፤ አጠቃቀሙን የሚያውቀው ቢሆንም አንድ ሳታስቀር ደግማ ነገረችው።

ከዚያ በኋላ ሥራው የሰፈሩ ሁሉ ሆነ። ጅብ የደፋውን ዱቄት አፍንጫቸውን ሸፍነው፣ ውኃ አርከፍክፈው ጠረጉና ከወንዙ ርቆ በተቆፈረ ጉድጓድ ቀበሩት። የጠፍር አልጋውን አቃጠሉት፤ ጅብ የሚቃጠለው ጠፍር እየሸተተው አለቀሰ። መኝታውን ሁሉ ፀሐይ ላይ አሰጡት፤ ስንጥቁን በጭቃ መረጉት። በየቤቱ መገጣጠሚያና በግድግዳው ሥር ብቻ ዱቄቱን በስሱ ነሰነሱ። ቤቴ ንጹሕ ነው፣ አይመለከተኝም ያለ አልነበረም። ከዚያም ሁሉም ጠበቁ፤ አንዱ ሌላውን «ጎረቤቴ፣ ዛሬ ተነከስህ ወይ?» ብሎ መጠየቁ ነውር መሆኑ ቀረ።

ዝናቡ እያባራ ሲሄድ የሚነከሱት ጥቂት ሆኑ፤ በኋላም ጨርሶ የተነከሰ ጠፋ። ውርንጭላው ጡት እየጠባ ከግልገሎቹ ጋር ሲሯሯጥ ይውል ጀመር። አህያ ግን ውኃው ጎድሎ ወደ ሜዳው ከተመለሱም በኋላ፣ በየማለዳው የልጇን አንገት ገለጥ አድርጋ ሳታይ አትውልም ነበር። ትኋኑ ከቤቷ ቶሎ ወጣ፤ ከልቧ ለመውጣት ግን ብዙ ጊዜ ፈጀበት።

ከዚህ የምንማረው፣ ችግርን በእፍረት መደበቅ ችግሩን ለጎረቤት ሁሉ ማካፈል እንደሆነና፣ መድኃኒትም ልኩን ጠይቆ ለሚጠቀምበት መድኃኒት፣ ለሚስገበገብበት ግን መርዝ መሆኑን ነው።