ነብር ጅብን ያሸተተ ዕለት

ሚዳቋ ከግልገልነቷ ጀምሮ አንዲት ጥያቄ ይዛ ኖራለች፤ እናቷ የዚያን ቀን እውነት አፍንጫዋ ተዘግቶ ነበር? ማንንም ጠይቃ አታውቅም። በጉባኤ ከመናገር ይልቅ ቁጥቋጦ ተጠግቶ ማዳመጥ ይቀላት ነበር።

በጫካው አንድ ወንዝ አለ፤ ሁለት መጠጫም አለው። የላይኛው ውኃው የጠራ፣ ወለሉ ድንጋይ ነው። የታችኛው ጭቃ ነው፤ አዞም አለበት። ማን የት እንደሚጠጣ የሚወስነው የውኃው አለቃ ሲሆን፣ እሱንም እንስሳቱ በየሦስት ክረምቱ ተሰብስበው ይመርጡታል። መመረጥ የሚፈልግ ሁሉ ወዳጅ ያስፈልገዋል፤ ወዳጅ ደግሞ አፍ አለው። ስለዚህ የጥንት ሽማግሌዎች የማሽተት ሥርዓትን ደነገጉ። የተወዳዳሪ ወዳጅ የማይባል ነገር ከተናገረ፣ ተወዳዳሪው በጉባኤ ፊት የተናጋሪውን አንገት ሦስት ጊዜ ያሸትና «ይህን ሽታ አላውቀውም» ይላል። ከተነኩት ወገን አንድ ምስክር ቀርቦ ሁለቱንም ያሸትና «ሽታቸው አይገናኝም» ይላል። ከዚያ በኋላ ነገሩ እንዳልተባለ ይቆጠራል፤ መልሶ ያነሳው ይቀጣል። ሥርዓቱ ከተደነገገ ወዲህ ሽታው የተገናኘ አንድም አልተገኘም። ሽማግሌዎቹ ይህን የጫካው የንጽሕና ማስረጃ አድርገው ይጠቅሱታል።

የሚዳቋ እናት ከዓመታት በፊት ምስክር ነበረች። የአንበሳ ወዳጅ የሆነው ቀበሮ፣ ባለ ሰኮናዎቹ ትንንሾች የላይኛውን ውኃ ያደፈርሱብናል ብሎ ተናገረ። አንበሳ አሸተተና አላውቀውም አለ። እናቷም አይገናኝም አለች፤ ለልጇ ግን ያን ቀን አፍንጫዬ ተዘግቶ ነበር አለቻት። አንበሳ በተመረጠ በሁለተኛው ወር ባለ ሰኮናዎቹ ትንንሾች ወደ ታችኛው መጠጫ እንዲወርዱ ታዘዘ። ሽታው የማይታወቀው ቀበሮም የወንዙ ዋና አማካሪ ሆነ።

ዘንድሮ አንበሳ ሞተና ነብርና ጎሽ ለቦታው ተወዳደሩ። ጎሽ ባለፈው ሳምንት የገዛ ወንድሙን አሽትቶ አላውቀውም ስላለ ስሙ ጥሩ ነበር። የነብር ተራ የመጣው ጅብ በድግስ ላይ በተናገረው ነገር ነው።

«እነሚዳቋ እንደ ሠርገኛ ግር ብለው ነው የሚወርዱት» አለ ጅብ። «አንድ በአንድ ይውረዱ እንጂ። አዞ እኮ እየተጣደፈ መብላት አያምርበትም።»

ነብር ሲስቅ ብዙዎች አይተውታል። በኋላ ሲጠየቅ ግን እያዛጋ ነበር ተባለ። በዚያ ወር አዞ ሦስት ግልገሎች በልቷል፤ የሚዳቋም ልጅ ጡት ትታ ውኃ የምትጀምረው በዚያው ሳምንት ነበር።

ከባለ ሰኮናዎቹ ወገን ምስክር ሲፈለግ ትልልቆቹ ሁሉ ሥራ በዛባቸው። የወገኑ ሽማግሌ ድኩላ እግሩን አመመው። በመጨረሻ ዝምተኛ ናትና ሚዳቋ ትሁን ተባለ። ድኩላም፣ የእናቷ ወንድም ስለሆነ፣ ቤቷ ድረስ ሄዶ የምትናገሪው ሁለት ቃል ብቻ ነው፣ አትፍሪ ብሎ አበረታታት።

ጉባኤው በኤሊ ሰብሳቢነት ተከፈተ፤ ኤሊ እስኪደርስ ረፋዱ አለፈ። ነብር ጅብን ሦስት ጊዜ አሸተተና በጣም ማዘኑን ገለጸ። ባለ ሰኮናዎቹን ከማንም አስበልጦ እንደሚወድ ተናገረ፤ ይህን የተጠራጠረ አልነበረም። ከዚያም «ይህን ሽታ አላውቀውም» አለ።

ሚዳቋ ቀርባ ጅብን አሸተተች፤ ቀጥላ ነብርን። የአንድ ዋሻ አቧራ፣ የአንድ ሥጋ ስብ። ነብር አንገቱን ዝቅ አድርጎ በጆሮዋ ተናገረ።

«እህቴ፣ ዛሬ ነፋሱም አይመችም። ልጅሽ ከነገ ጀምሮ ከላይ ትጠጣለች። አንቺና እሷ ብቻ ናችሁ ታዲያ።»

ያኔ ሚዳቋ አንድ ነገር ትዝ አላት። ወገኗ ሁሉ ወደ ታች በወረደበት ዓመት፣ እሷና እናቷ አንድ ሙሉ በጋ ከላይኛው ሲጠጡ ነበር። የእናቷ አፍንጫ ደህና ነበር።

አንድ ነገር አለች፤ ድምፅዋ ስላልተሰማ ኤሊ ድገሚው አላት።

«ሽታቸው አንድ ነው» አለች።

ጅብ ሊስቅ ጀመረና የነብርን ፊት አይቶ ተወው። ኤሊ ለዚህ መልስ የተደነገገ ነገር እንደሌለ ካስረዳ በኋላ ብዙ አሰበ። በመጨረሻ መንገድ ተገኘለት። አንድ የባለ ሰኮናዎች ወገን ተወዳዳሪውን የሚያስቀይም ቃል ተናግሯል፤ ስለዚህ የወገኑ ሽማግሌ ቀርቦ ያሽትታት።

ድኩላ እግሩ ተሽሎት ነበር። አንገቷን አንዴ አሸተተ። ሁለተኛው ላይ ቆየ።

«ምን ላድርግ ልጄ» አላት በሹክሹክታ። «አምስት ግልገሎች አሉኝ።»

ሦስተኛውን አሸተተና ድምፁን ከፍ አድርጎ «ይህን ሽታ አላውቀውም» አለ። የተነካው ነብር ስለሆነ ምስክሩም እሱ ሆነ፤ ሁለቱን አሽትቶ አይገናኝም አለ። ጉባኤው ሚዳቋ ከባለ ሰኮናዎቹ ወገን አለመሆኗን፣ ያለችውም እንዳልተባለ አጸደቀ። ነብር በዚያው ዕለት ተመረጠ። ጅብ የታችኛው መጠጫ ሹም ሆነ።

በዚያ ሌሊት ሚዳቋ ልጇን አቅፋ ተኝታ የጉባኤውን ውሳኔ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በልቧ ደገመችው። ስታዳምጥ የኖረች ስለሆነ ቃል አልጠፋባትም።

በማግስቱ ፀሐይ ሞቅ ሲል ግልገሏን አስከትላ ወደ ላይኛው መጠጫ ወጣች። ዘበኛው ዝንጀሮ መንገድ ላይ ተቀምጦ ብብቱን ያክ ነበር።

«ወዴት ነው? ሚዳቋ የሚጠጣው ከታች ነው» አላት።

«አያ ዝንጀሮ፣ እኔ ሚዳቋ አይደለሁም። ትናንት በጉባኤ ጸድቋል» አለች። «ነሽ ካሉኝ ግን ያልኩትም እንደተባለ ይቆጠራል። ያንን ያነሱት፣ የሚቀጡበትም እርስዎ ይሆናሉ።»

ዝንጀሮ ማከኩን አቆመ። የሚጠይቀው አለቃ በአካባቢው አልነበረም፤ ቢኖርም እንዲህ ያለ ጥያቄ ማቅረብ አልፈለገም። እግሩን ሰብሰብ አደረገላቸው።

ከታች፣ ጭቃው ዳር፣ ድኩላ አምስቱን ግልገሎቹን ይዞ ቆሞ ነበር፤ የቀሩትም ባለ ሰኮናዎች ከኋላው። ሚዳቋ ልጇን አስቀድማ አጠጣች። ጠጥተው ሲያበቁ ዛፎቹ ውስጥ ገብታ መደበቅ ትችል ነበር፤ ልማዷም እሱ ነበር። አልገባችም። በየቀኑ በዚህ ሰዓት ልትመጣ፣ ከታች ካሉት ሁሉ በሚታየው ድንጋይ ላይ ቆማ፣ ቀስ ብላ ልትጠጣ ወሰነች፤ ያያት ሁሉ ለምን ከላይ እንደምትጠጣ ራሱን እንዲጠይቅ።