እማማ ደብሪቱ ግንቡን ሊያዩ የሄዱ ዕለት

አንድ ቀን፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ እሸቴ የሚባል የመኪና ሸራ ሰፊ እናቱን ደግፎ በከተማው መሀል ወዳለው የነገሥታት ግንብ ወጣ። የእሸቴ ሱቅ ከግንቡ ብዙ አይርቅም። በሩ ላይ ቆሞ ቀና ካለ አናቱ ይታየዋል፤ እንግዳ አቅጣጫ ሲጠይቀውም በአገጩ የሚጠቁመው ወደዚያው ነው። ወደ ውስጥ ግን አንድም ቀን ገብቶ አያውቅም። ደጁ ላይ ያለ ነገር ስለሆነ ዛሬ ነገ ሲል ዕድሜው ሄደ።

ያስቸኮሉት እናቱ እማማ ደብሪቱ ናቸው። ለልጅ ልጃቸው ክርስትና ከገጠር መጥተው ሰንብተዋል፤ እሑድ በጠዋቱ አውቶቡስ ሊመለሱ ነው። ችግሩ አገር ቤት ያለችው ጎረቤታቸው ወይዘሮ ይመኙሻል ናት። ይመኙሻል አምና ይህንኑ ግንብ ጎብኝታ ከተመለሰች ወዲህ መንደሩን መቆሚያ መቀመጫ አሳጥታዋለች። ሠርግ ላይ ስለ ግንቡ ነው፤ ለቅሶ ላይ ስለ ግንቡ ነው፤ ውሃ ሲወርዱም ስለ ግንቡ ነው። የንጉሡ መታጠቢያ እንዲህ ነው፣ የአንበሶቹ ቤት እንዲያ ነው እያለች፣ መጨረሻ ላይ ወደ እማማ ደብሪቱ ዞር ብላ፣ ልጅሽ እዚያው እየኖረ አንቺ አላየሽውም ወይ ትላለች። እማማ ደብሪቱ ይህን ጥያቄ ዓመት ሙሉ ሲውጡት ኖረዋል።

እናም ዓርብ ዕለት እሸቴን አጠገባቸው አስቀምጠው ቁርጡን ነገሩት። ክርስትናው ደግ ነበር፣ ሕፃኑም ያምራል፤ ነገር ግን ግንቡን ሳያዩ ተመልሰው ከዚያች ሴትዮ ፊት ከሚቆሙ እዚሁ ልጃቸው ቤት ጠቅልለው ቢቀሩ እንደሚመርጡ አስታወቁት። እሸቴ አንዲቷን ክፍሉን ዞር ብሎ ቃኘ፤ ሚስቱም ቀና ብላ አየችው። ወዲያው ነገ በጠዋት እንደሚወስዳቸው ቃል ገባ።

ቅዳሜ ትኬት የሚቆረጠው እስከ ስድስት ሰዓት ብቻ ነው። እናትና ልጅ ሲደርሱ ግን ሰልፉ የአጥሩን ግንብ ታክኮ ተጠማዞ ነበር። ከፊታቸው በአስተማሪያቸው የሚመሩ ተማሪዎች አሉ፤ ፎቶ ሊነሱ የመጡ ሙሽሮችም ሚዜዎቻቸውን አስከትለው ቆመዋል። እሸቴ እናቱን ጥላ ያለበት ድንጋይ ላይ አስቀምጦ ተራውን ያዘ። እማማ ደብሪቱ ከዘራቸውን ተደግፈው በየመሀሉ ደረስክ ወይ ይሉታል፤ እሱም ልደርስ ነው ይላቸዋል። ፀሐዩ አናት ይበሳል። ሰልፉ የሚሄደው እንደ በሬ ነው።

ሙሽሮቹ ትኬታቸውን ተቀብለው ሲገቡ ስድስት ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ቀርቶት ነበር። ትኬት ቆራጯ ልጅ አንድ እጇን የመስኮቱ መዝጊያ ላይ አሳርፋለች። እሸቴ ወደ መስኮቱ አንድ እርምጃ ሲራመድ አንድ ጥቁር መኪና መጥቶ በሩ ላይ ቀጥ አለ። ከመኪናው ሙሉ ልብስ የለበሱ፣ ጥቁር መነጽር ያደረጉ ሰው ወረዱ፤ ሁለት እንግዶችም ተከተሏቸው። ሰውዬው አቶ ክንፈሚካኤል ይባላሉ፤ የአንድ መሥሪያ ቤት ኃላፊ ናቸው። ይህን ማንም አልጠየቃቸውም፤ ራሳቸው ናቸው ከመኪናው እስከ መስኮቱ ድረስ ጮክ ብለው እየተናገሩ የመጡት።

ሰልፉ መኖሩንም ሳያዩ አልፈው እሸቴን በትከሻቸው ገፋ አደረጉና ብሩን በመስኮቱ አስገቡ። ልጅቷ አንገቷን ደፍታ ሰልፍ እንዲይዙ ለመነቻቸው። እሳቸው ግን እንግዶች ይዘው እንደመጡ፣ ምሳ ሆቴል እየጠበቃቸው እንደሆነ፣ አለቃዋንም በስም እንደሚያውቁት ነገሯት። ስልካቸውንም አውጥተው ለማሳየት ያህል ከፍ አደረጉት። ከኋላ ሰው አጉረመረመ እንጂ ወደ ፊት የወጣ አልነበረም። የልጅቷ እጅ ወደ ትኬቱ ጥራዝ ሄደ፤ ተመለሰ፤ እንደገና ሄደ።

እሸቴ ደሙ ፈላ። መጀመሪያ የመጣለት ሐሳብ ሰውዬውን በኮታቸው ኮሌታ ይዞ መጎተት ነበር። እጁን እንኳ አንስቶ ነበር፤ ዳሩ ግን ሰፊ ነውና የኮሌታውን ስፌት ሲያይ አሳዘነው። እጁን መለሰና በትሕትና ተናገረ። ሰው ሁሉ ከጠዋት ጀምሮ ቆሞ እንደዋለ፣ እናቱም አሮጊት እንደሆኑና ነገ አገራቸው እንደሚገቡ አስረዳቸው።

አቶ ክንፈሚካኤል መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው ከጫማው እስከ አናቱ አዩት።

«ስማ ወንድሜ» አሉ፣ «እኔ ተራ ሰው አይደለሁም።»

እሸቴ እንደመስማማት ራሱን ነቀነቀ። እጅ ነሳቸውና ወደ መስኮቱ ጎንበስ አለ።

«እህቴ፣ ጌታው አልዋሹም» አላት። «እሳቸው ተራ ሰው አይደሉም። ተራ ሰው እኔ ነኝ፤ ተራውም የእኔ ነው።»

ሳቁ ከመስኮቱ ተነስቶ በሰልፉ ላይ እየተቀባበለ እስከ አጥሩ ጥግ ሄደ። ትኬት ቆራጯ አፏን በጥራዙ ሸፍና ቆየችና ሁለት ትኬት ቆርጣ ለእሸቴ ሰጠችው። ከሁሉ ይልቅ የሳቁት ከሁለቱ እንግዶች አንዱ፣ ሽበታሙ ሰውዬ ነበሩ። ዓይናቸውን እየጠረጉ አቶ ክንፈሚካኤልን ክንዳቸውን ይዘው ወደ ሰልፉ ጭራ ወሰዷቸው። ልጅቷም ደስ ስላላት ነው መሰል፣ ሰልፉ እስኪያልቅ መስኮቱን እንደማትዘጋ ለሁሉም ተናገረች።

እማማ ደብሪቱ ምን እንዳሳቀ ሰው ቢጠይቁ ሁሉም ስለሚስቅ የሚነግራቸው አጡ። እሳቸውም አልጨነቃቸውም፤ የልጃቸውን ክንድ ይዘው በትልቁ በር ገቡ። ገና ደረጃው ሥር ሳይደርሱ፣ ይመኙሻል ያላየችው ክፍል የትኛው ሊሆን እንደሚችል በሩ ላይ የተቀበላቸውን አስጎብኚ ይጠይቁት ጀመር።

ውጭ፣ ሰልፉ ጭራ ላይ፣ አቶ ክንፈሚካኤል ኮታቸውን አውልቀው በክንዳቸው ይዘው ቆመዋል። በዚህ መሀል ጃንጥላ የያዘች አንዲት ሴት እያለከለከች ደረሰች። የሆነውን ሁሉ አላየችም፣ አልሰማችም። የሰልፉ መጨረሻ የት እንደሆነ ግራ ገብቷት ወደ እሳቸው ጠጋ አለች።

«ይቅርታ ጌታዬ» አለቻቸው፣ «ተራ ነዎት?»

አቶ ክንፈሚካኤል ወደ መስኮቱ አዩ፤ ወደ እንግዶቻቸውም አዩ።

«አዎ» አሉ ቀስ ብለው፣ «ተራ ነኝ።»